ዝም ብሎ የሚግል አይሲ

ልጅ እያለሁ ጁባ ውስጥ የማወራው ሰው አባቴ ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ ከእኔ ይልቅ ከአምፕሊፋየር ጋር ያወራል። ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ዳር የቴፕና የድምፅ ማጉያ መጠገኛ ሱቅ ነበረችው። እናቴ ሥራዋን ትታ መምጣት ስላልቻለች አዲስ አበባ ቀርታለች። ስትሸኘኝ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ «አደራ፣ አባትሽን እንዳታስቸግሪው» አለችኝ። አላስቸገርኩትም። ትምህርት ቤት ልጆቹ በጁባ አረብኛ ሲሳሳቁ ዝም፤ ሱቅ ስመለስ የጋለው ቆርቆሮ ሥር፣ የብየዳው ጭስ እየሸተተኝ፣ ዝም። ሰዉ «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ!» ይለኝ ነበር። እኔ ግን ብቸኛ ነበርኩ እንጂ ጨዋ አልነበርኩም።

አንድ ቀን ቶንፒንግ ሰፈር ምግብ ቤት ያላቸው ጋሽ ታዬ የሚንሿሿ የሙዚቃ ሚክሰር ይዘው መጡ። አባቴ ድምፅ የሚያጎላውን ባለ ስምንት እግር ቺፕ፣ አይሲውን፣ ነቅሎ አዲስና ፈጣን ተከለበት። ሙዚቃው ጥርት ብሎ ወጣ።

«ኻላስ! ማፊ ሙሽኪላ፣ አለቀ፣ ችግር የለም፤ ስጠኝና ልሂድ» አሉ ጋሽ ታዬ።

«ቆይ ጋሼ፣ ገና ነው» አለ አባቴ። ሙዚቃውን አጠፋና ጣቱን አይሲው ላይ አሳረፈ። አይሲ በቀየረ ቁጥር እንዲህ ያደርጋል። ለብ ካለ ጤና ነው። ምንም ድምፅ ሳይኖር ካቃጠለ ግን የሰው ጆሮ በማይሰማው ቅጥነት እያፏጨ ራሱን እየፈጀ ነው ማለት ነው።

«እፍ!» ብሎ ጣቱን አነሳ።

«ምንም አይሰማም እኮ!»

«አዎ ጋሼ፣ ዝም ብሎ ነው የሚነደው።»

እግሮቹ አጠገብ ፉጨቱን የምታፍን አንዲት ትንሽ ካፓሲተር በየደለትና እንደገና ዳሰሰው። በርዶለታል። ጋሽ ታዬ ዕቃቸውን ይዘው ሄዱ።

አባቴ መሣሪያውን ሲሰበስብ ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ። ምሳ ዕቃዬ እንደተከደነ ነው። «ማሚዬ» አለና መዳፉን ግንባሬ ላይ አደረገ። ከትናንት ጀምሮ አጥንቴን ሲቆረጥመኝ ነበር፤ አልተናገርኩም። ሱቁን እንኳ በወጉ ሳይዘጋ ቦዳቦዳ ሞተር ላይ አቅፎኝ ወደ ክሊኒክ በረረ። መንገዱን ሙሉ «ለምን አልነገርሽኝም?» ይለኛል። ወባ ነበር። እኔ ያለቀስኩት ግን ስለጠየቀኝ ነው። እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ ታምሜ አላውቅም።

አሁን አባቴ አርጅቶ እናቴ ዘንድ ገብቷል፤ እኔ እዚሁ ቶንፒንግ ቢሮ እሠራለሁ። ባለፈው ሳምንት ያቺው ወባ ተመልሳ ጣለችኝ። ጣቴን ራሴ ወግቼ መረመርኩ፣ መድኃኒቱን ራሴ ገዛሁ። አባቴ ሲደውል ከትራሴ ቀና ብዬ ጉሮሮዬን ጠረግኩና «ደህና ነኝ አባዬ» አልኩት።

«ጎሽ፣ ድምፅሽም ጥሩ ነው» አለኝና ስልኩን ለእናቴ ሰጣት።