ጠብታዋ የምትመለስበት ቦታ

ዛሬ ጅግጅጋ፣ ቢሮዬ መስኮት ላይ ያለችው የበለስ ቁልቋል ጣቴን አጣበቀችኝ። ልጠርጋት ጨርቅ ሳነሳ የኤዶ ሳህራ ድምፅ መጣብኝ።

ኤዶ ሳህራ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ በሶማሊኛ «ኤዶ»፣ አክስት ማለት ነው፣ እያልን የምንጠራቸው ጎረቤታችን ነበሩ። ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። የግቢያችን ቁልቋል እንደ ማር የሚያጣብቅ ነገር አወጣና እናቴ «ታሟል፣ ነገ ይቆረጥ» አለች። ላድነው ብዬ በሳሙና ሳጥበው ኤዶ በአጥሩ በኩል አዩኝ።

«በውሃ ብቻ እጠቢውና ጠዋት የት እንደሚመለስ እዪ» አሉኝ። «ተባይ ከሆነ የትም ያዝረከርከዋል።»

ጠዋት አብረን አየን። ጠብታዎቹ የተመለሱት ለጋ እሾሆች ሥር ብቻ ነበር፤ እያንዳንዷ ላይ ጉንዳን አፉን ደፍቶ ይጠጣል። ኤዶ አንዷን በጣታቸው ነክተው ቀመሱ።

«ለጋውን ቅጠል ከተባይ የሚጠብቁለት ጉንዳኖቹ ናቸው» አሉ። «አንቺ ስታጥቢ የነበረው የዘበኞቹን ምሳ ነው። ቁልቋሉን ማን እንዳስተማረው እንጃ።»

ይህን የሰማችው እናቴ ልትቆርጠው ያወጣችውን መጥረቢያ መለሰች።

ጨርቁን አስቀመጥኩ። ቢሮዬ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ጉንዳን ደርሶበት አያውቅም። ጠብታዋ ግን እሾሁ ሥር፣ ቦታዋ ላይ፣ ወጥታ ትጠብቃለች።