የአደይ ለምለም ተራ

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ሳባ ፊንስበሪ ፓርክ ቤቴ መጥታ፣ ከጓደኞቿ ጋር በጀልባ ወጥታ ያየቻቸውን የባሕር ወፎች በስልኳ ታሳየኝ ነበር። መካከል ላይ ፊቷን አጠቆረች።

«አንድ ሰውዬ የሩቅ ማያ መነጽሩን ይዞ ለሌላው አልለቅም አለ። ፌር አይደለም እኮ፣ እማማ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ከእሷ ቀድሜ የምቆጣው እኔ ነበርኩ። የአውቶቡስ ሰልፍ ጥሶ የሚገባን ሰው በአማርኛም በእንግሊዝኛም ገስጬ አውቃለሁ። ያን ቀን ግን ሌላ ጀልባ ትዝ አለኝ።

ለንደን በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ጠዋት ጠዋት ካምደን ቢሮ አጸዳለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ሃክኒ ውስጥ እንግሊዝኛ እማራለሁ። አገር ቤት ከስድስተኛ ክፍል አላለፍኩም። ክፍላችን ውስጥ አሥር የአበሻ ሴቶች ነበርን። አስተማሪያችን ወፍ ማየት የምትወድ ቀጭን ሴትዮ ነበረች። ነሐሴ ላይ አንድ ቀን፣ ከመጽሐፍ ወጥታችሁ አገሩን እዩ ብላ፣ በአውቶቡስ ወደ ደቡብ ባሕር ዳርቻ ወሰደችን።

ፍልሰታ ስለነበር የያዝነው የምስር ሳምቡሳ፣ ስንግ ቃሪያና ዳቦ ነው። አውቶቡሱ የሽንኩርት ሽታ ብቻ ሆነ። በመስኮት የታጨደ የስንዴ ማሳ ያልፋል። ነሐሴ ለእኔ ዝናብና ጭቃ ነው፤ በነሐሴ አዝመራ ሲሰበሰብ ማየት እስከ ዛሬም ግራ ይለኛል።

ከፊቴ የተቀመጡት አደይ ለምለም ነበሩ። አደይ በትግርኛ እናቴ ማለት ነው፤ ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምንጠራቸው። ምጽዋ የተወለዱ፣ አማርኛቸው ከእኔ አማርኛ የጠራ፣ ስልሳን ያለፉ ሴት ናቸው። አባታቸው ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። ልጅ ሳሉ ዶልፊኖች እየዘለሉ ጀልባቸውን ይሸኙት እንደነበር መንገዱን ሙሉ አወሩልን።

«ዛሬ አንድ ብቻ ባይ ይበቃኛል» አሉ።

ለምን እንደሚበቃቸው አልተናገሩም። የዓይናቸው ብርሃን ከገና እንደማያልፍ ሐኪሞች ነግረዋቸው ኖሯል። ይህን የምታውቀው አብራን የምትማረው ልጃቸው አስቴር ብቻ ነበረች።

ጀልባዋ ትንሽ ነበረች። ሎሚ እያሸተትን ተሳፈርን። አንዷ «ዓሣ ማየት ጾም ያስገድፋል?» ስትል፣ ሌላዋ «ምራቅሽን ካልዋጥሽ ግድ የለም» አለቻት። አስተማሪያችን የያዘችው የሩቅ ማያ መነጽር አንድ ብቻ ስለነበር ሴቶቹ ባንድ አፍ «አደይ ለምለም ይቅደሙ» አሉ።

እኔ እምቢ አልኩ። እናንተ የቀበሌ ሰልፍ ታውቃላችሁ ወይ? እናቴ ከሌሊት ጀምራ የቆመችበት ስኳር ዘመድ ላለው ሲሰጥ እያየሁ ነው ያደግሁት። አንድ ቀን የማዘው ነገር ካለ ያለ ተራው የሚገባ አይኖርም ብዬ ለራሴ ምዬ ነበር። ስለዚህ ወረቀት ቀድጄ ስም ጻፍኩ፤ በሻሼ ውስጥ ደባልቄ ዕጣ አወጣሁ። ለእያንዳንዷ እስከ መቶ እቆጥራለሁ አልኩ።

«አንቺ ልጅ፣ ጀልባ ነው ወይስ ፍርድ ቤት?» ብለው ሳቁብኝ። አስተማሪያችን ግን ነገሩን ወደደችው። ስለወደደችው ደረቴ ተነፋ።

ለአደይ ለምለም ሰባተኛው ደረሳቸው፤ ለአስቴር ስምንተኛው። የእርሳቸው ተራ ሲደርስ አንድ ትልቅ ነጭ ወፍ፣ የክንፉ ጫፍ ጥቁር፣ ከላይ ክንፉን አጥፎ እንደ ጦር ውሃው ውስጥ ተሰካ። ሁላችንም ጮህን።

«አዩ?» አልኳቸው።

«አየሁ፣ አየሁ። ደስ ይላል» አሉ።

መቶ ልሞላ ጥቂት ሲቀረኝ ጀልባ ነጂው በስተግራ ጠቆመ። ከውሃው ጥቁር ጀርባ ወጣ፤ ከዚያ ሌላ።

«ዶልፊን ነው?» አሉ አደይ ለምለም፤ መነጽሩን ወዲያና ወዲህ እያዞሩ። «ልጄ፣ ትንሽ ጨምሪልኝ።»

«መቶ ሞልቷል። እርስዎ ደግሞ አይተዋል። ተራው የአስቴር ነው።»

«የእኔን ለእናቴ ሰጥቻለሁ» አለች አስቴር።

«ተራ አይሰጥም» አልኩ። «ዛሬ ለእናት ከተሰጠ ነገ ለአክስት ነው።»

አስቴር አፏን ስትከፍት እናቷ እጇን ጨበጥ አደረጓት። ከዚያ ማንገቻውን ካንገታቸው አውልቀው መነጽሩን ሰጧት። አስቴር ይዛው ቆመች፤ ግን አላየችበትም። አደይ ለምለም ፊታቸውን ወደ ጩኸታችን መለሱ።

«ስንት ናቸው?»

«ሦስት» አለች አንዷ።

«አንዱ ትንሽ ነው?»

«አዎ፣ አንዱ ትንሽ ነው።»

«ከእናቱ ጎን ነዋ የሚሄደው» አሉ፤ ፈገግ ብለው ወደ ባዶው ውሃ እያዩ።

ስንመለስ፣ አውቶቡሱ ላይ፣ አስቴር የሐኪሞቹን ነገር በጆሮዬ ነገረችኝ። ተነስቼ አደይ ለምለም ጎን ተቀመጥኩ። ይቅርታ ለማለት ቃል ስፈልግ ቀደሙኝ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ልጄ። ያን ያህል ደክማችሁልኝ አላየሁም ማለት ከበደኝ። ይሉኝታ ያዘኝ።»

ከዚያ ሳምቡሳ ሰጡኝ። በላሁት። ይቅርታ ሳልል በላሁት።

ከገና በፊት ብርሃናቸው ጠፋ። ከዚያም ብዙ ዓመት ኖሩ። ቤተ ክርስቲያን ድምፄን በሰሙ ቁጥር አጠገባቸው ላለ ሰው «ዶልፊን ያየሁት ከዚች ልጅ ጋር ነው» ይሉ ነበር። አንድም ቀን አላስተባበልኩም። ቀብራቸው ላይ እንኳ ሰዎች ይህንኑ እንደ ደግ ሥራዬ ሲያወሩልኝ ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብ አደረግኩ።

ይህን ሁሉ ለሳባ ነገርኳት። «ግን እማማ፣ እንደማያዩ አላወቅሽም ነበር እኮ» አለችኝ። ድሮ ለአንድ ሁለት ሰው ሳወራው ሁልጊዜ የማቆመው እዚህ ላይ ነው። እነሱም እንደዚህ ብለው ይፈቱኛል፤ እኔም ቀለል ብሎኝ እሄዳለሁ። አሁን ግን እድሜዬ የአደይ ለምለምን የያኔ ዕድሜ አልፏል። የማስተርፈው ጊዜ የለኝም።

ወፉ ውሃው ውስጥ ሲሰካ የአደይ ለምለም መነጽር ወደ ባዶ ሰማይ ነበር የዞረው። አጠገባቸው ቆሜ አይቻለሁ። «አዩ?» ያልኳቸውም ለዚህ ነው። አላየሁም እንደማይሉኝ አውቅ ነበር፤ የአንድ አገር አስተዳደግ ነው ያሳደገን። «አየሁ» ካሉልኝ ጊዜ ሳልጨምር፣ ሕጌ እንዳማረበት መቶ ይደርሳል።

ይህንንም ለሳባ ነገርኳት። በዚህኛው ግን አልፈታችኝም። ትክክል ነበረች።