ያላየሁትን የፈረድኩ ዕለት

ባለፈው ቅዳሜ ልጄን ጠይቄ ከጀዊ ወደ ጋምቤላ ከተማ ስመለስ፣ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ የባሮ ድልድይ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱን ቀነሰ። ወንዙ የክረምት ውኃ ሞልቶት ደፍርሶ ይፈሳል። በድልድዩ ጠርዝ አንድ ረጅም ሰው፣ በአንድ እጁ ጃንጥላ፣ በሌላው በገመድ ያንጠለጠለውን ዓሣ ይዞ፣ ግራ እግሩን ትንሽ እየጎተተ ይራመዳል። ሾፌሩ በመስኮት አየት አደረገና፣

«እኚህ ሰውዬ ድሮ የምክር ቤት አባል ነበሩ። መኪናቸው ሲመጣ ዳር እንይዝላቸው ነበር» አለኝ።

«ወራጅ አለ» አልኩት።

ሰውዬው ኡቻን ነው። መጀመሪያ ኳስ ተጫዋች፣ ቀጥሎ ወታደር፣ ከዚያ ፖለቲከኛ የሆነ ሰው። ጃንጥላውን ወደ እኔ አዘንብሎልኝ እስከ ገበያው አብረን ሄድን፤ ያወራነውም ስለ ጉልበታችንና ስለ ዓሣው ነበር። ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ግን ያ የድሮ የኳስ ጨዋታ መጣብኝ። በየጊዜው ይመጣብኛል፤ ሰው ሲሸመግል ከሠራው ደግ ነገር ይልቅ ያጠፋው ይበልጥ ይታወሰዋል መሰለኝ።

እኔ የሰፋሪ ልጅ ነኝ። ወላጆቼ ከወሎ ወደ ጋምቤላ ሲመጡ ገና ልጅ ነበርኩ። አባቴ እዚህ መሬት ላይ በቆሎና ማሽላ እየዘራ፣ ወባውንም ሙቀቱንም እየቻለ አሳደገኝ። በሃያ ሁለት ዓመቴ ከተማ ውስጥ መምህር ሆንኩ። የኳስ ሕግ ስለማውቅና ሩጫ ስለማይደክመኝ ቅዳሜና እሑድ ፊሽካ አንጠልጥዬ ዳኛ እሆን ነበር። ሥራውን የሚፈልገው ሰው ስላልነበረ ማንም አልተሻማኝም።

ኡቻን በዕድሜ እኩያዬ ነው። አኙዋ ነው፣ የአገሩ ተወላጅ፤ እናቱ ባሮ ዳር ዓሣ ትሸጥ ነበር። የከተማው ቡድን አጥቂ ነበር። ብዙ አይሮጥም። ኳሷ ደረቱ ላይ ስታርፍ የተኛች ትመስላለች፤ ከዚያ ተከላካዩ ወደ ቀኝ ሲያስብ እሱ በግራ አልፏል። እኔ ዳኛው ራሴ አንዳንዴ እሱን ሳይ መሮጥ እረሳ ነበር።

የዚያን ዓመት፣ ማንጎ በየመንገዱ ወድቆ በሚበሰብስበት ወራት፣ ከአዲስ አበባ አንድ ክለብ ተጫዋች የሚመርጥ ሰው ላከ ተባለ። ሰውየው ሊያይ የመጣው ኡቻንን እንደሆነ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ጨዋታው ደግሞ የከተማው ቡድን ከኛ ከሰፋሪዎቹ ቡድን ጋር ነበር። መራጩ ማንጎ ዛፍ ሥር ወንበር ተሰጥቶት ተቀመጠ። የሰፈራ ሰው በእግሩም በመኪናም መጥቶ አንዱን ጎን ሞላው፤ አባቴም ዱላውን ተደግፎ መሐላቸው ቆሟል።

ሁለተኛው አጋማሽ ላይ አንድ ለአንድ ነበሩ። ኳሷ ወደ ሰፋሪዎቹ በር ሄደችና ተከትያት ስሮጥ ከኋላዬ ጩኸት ሰማሁ። ዞር ስል ዘውዱ፣ የሰፋሪዎቹ ተከላካይ፣ ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ መሬት ላይ ይንከባለላል። ኡቻን አጠገቡ ቆሟል።

«መታው! ዳኛ፣ መታው!» አለ የኛ ወገን በአንድ ድምፅ።

አባቴ አልጮኸም። ዝም ብሎ ያየኝ ነበር። ከተማ ከገባሁ ወዲህ ‹የሰይድ ልጅ ወገኑን ረሳ› እንደሚባል አውቃለሁ። አላየሁም ማለት ነበረብኝ። አንድ ቃል ነው፤ አላየሁም። እኔ ግን ቀይ ካርዱን አወጣሁ።

ኡቻን ካርዱን አየ፣ እኔን አየኝ፣ ምንም ሳይል ዞሮ መውጣት ጀመረ። ያኔ የከተማው ሰው ሜዳው ውስጥ ገባ። የመጀመሪያው ድንጋይ ጆሮዬ አጠገብ አለፈ። ሰፋሪዎቹም ዱላቸውን እየጨበጡ ከወዲያ ተነሡ። እኔ ፊሽካውን እንኳ ከአፌ ማውጣት አልቻልኩም።

አንድ ከባድ ክንድ ትከሻዬ ላይ አረፈ። ኡቻን ተመልሶ ነው። ለሰዉ በአኙዋ ቋንቋ መናገር ጀመረ። አልጮኸም፤ ፊት ለፊት ያሉት ብቻ እንዲሰሙት አድርጎ ነበር የሚያወራው፤ ከኋላ ያሉትም ለመስማት ሲሉ ዝም አሉ። እያወራ፣ ክንዱን ሳያነሣ፣ በመሐላቸው አሳልፎ አባቴ ጋ አደረሰኝ። «ልጅህን ያዝ» አለው አባቴን። ጨዋታው በዚያው ቀረ። ማንጎው ሥር ስመለከት ወንበሩ ባዶ ነበር።

ከሁለት ቀን በኋላ ዘውዱ ትምህርት ቤት ድረስ መጣ። በር ላይ ቆሞ ባርኔጣውን ያሻሻል።

«መምህር፣ ማንም አልመታኝም። ራሴ ተደናቅፌ ነው የወደቅኩት» አለኝ።

«ታዲያ ፊትህን ለምን ያዝክ?»

«እንድትነፋ ብዬ ነዋ። ቅጣት ምት ትሰጣለህ አልኩ እንጂ ታባርረዋለህ አላልኩም።»

ተማሪዎቹን ትቼ ወደ ወንዙ ዳር ሮጥኩ። የኡቻን እናት በእጇ ወደ ከተማው አመለከተችኝ። ኡቻን ውትድርና ተመዝግቦ ኖሮ አዲስ ምልምሎችን የሚጭነው መኪና ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። መኪናው ሞተሩን አስነሥቷል። ከታች ቆሜ፣

«ዘውዱን አልመታኸውም» አልኩት።

«አውቃለሁ። እኔ እዚያ ነበርኩ» አለ።

«ለምን አልተናገርክም?»

«እኔ ከተናገርኩ ሰው ይናደዳል። ሰው ከተናደደ አንተ ትሞታለህ።» አማርኛው ያኔ እንዲህ አጭር አጭር ነበር። «መምህር፣ እናቴን አንዳንድ ቀን እያት» አለኝ። መኪናው ወደ ጎሬ መንገድ ታጠፈ፤ አቧራው ሲወርድ እኔ ብቻ ቀርቼ ነበር።

ሦስት ክረምት እናቱን አየኋት። በየሳምንቱ ስኳር ይዤ እሄዳለሁ። እሷ አማርኛ አታውቅም፣ የኔ አኙዋኛ ከሰላምታ አያልፍም። በደንብ የተጠበሰ ዓሣና የበቆሎ ገንፎ ታቀርብልኛለች፤ ወንዙን እያየን እንበላለን። በልቤ፣ ‹የልጅሽን ዕድል የቀማሁት እኔ ነኝ፤ ቢሞት እኔ ነኝ የገደልኩት› እላታለሁ። ጦርነት አለ በተባለ ቁጥር እንቅልፍ አልነበረኝም።

በአራተኛው ዓመት ግራ እግሩን ቆስሎ፣ በዱላ እየተደገፈ መጣ። ከስቷል፤ አማርኛው ግን ጠርቷል። እናቱ ደጅ ተቀምጠን ሳለ ሦስት ዓመት ያጠራቀምኩትን ይቅርታ በአንድ ትንፋሽ አወጣሁት። እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«ያ መራጭ ማታውኑ ቤታችን መጥቶ ነበር» አለኝ። «ቀይ ካርዱ ምንም አይደለም፣ ነገ አብረን እንሂድ አለኝ። እኔ ነኝ አልሄድም ያልኩት።»

«ለምን?» አልኩት።

«ኳስ ስጫወት ሰው ይጮህልኛል። ያን ቀን ግን ሰሙኝ። ያን ያህል ሕዝብ፣ ድንጋይ ይዞ፣ ሰማኝ። ከዚያ በኋላ ጎል ማግባት ትንሽ ነገር መሰለኝ። የወታደር ልብስ ብለብስ ደግሞ ይበልጥ የሚሰሙኝ መሰለኝ» አለና የቆሰለ እግሩን አቃና። «ተሳስቻለሁ። ልብሱን የሚያይ ሰው ይፈራሃል እንጂ አይሰማህም።»

«ይህን ሁሉ ዓመት ለምን አልጻፍክልኝም?»

«ከጻፍኩልህ እናቴን ማን ያያታል?» ብሎ ሳቀ። ተናደድኩ፤ ከዚያ እኔም ሳቅሁ። እናቱ ምን እንዳሳቀን ጠይቃው ሲነግራት ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ እስክታነባ ሳቀች።

ከዚያ በኋላ ያለውን አገር ያውቀዋል። እግሩ ሲሻለው ወደ ስብሰባዎች መሄድ ጀመረ፤ ተመረጠ፤ ምክር ቤት ገባ። አንድ ጊዜ እኛ ሰፈር የመሬት ጠብ ተነሥቶ ደም ሊፈስ ሲል መጥቶ፣ ሁለት ቀን መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሁለቱንም ወገን ሲያዳምጥ አይቻለሁ። ቃል የገባልን መንገድ ግን ዛሬም ጭቃ ነው። በሥልጣኑ መጨረሻ አካባቢ ከሰዎች ይልቅ ስልኩን ይሰማ እንደነበርም አልደብቅም፤ ነግሬዋለሁ፣ አኩርፎኝም ያውቃል። በኋላ ሌላ ሰው ተመረጠ። እሱም ወንዙ ዳር ወዳለው ቤቱ ተመለሰ።

ያኔ እውነቱን ሲነግረኝ ከባድ ሸክም ወርዶልኝ ነበር። ትንሽም አፍሬ ነበር። የሰው ሕይወት በኔ ካርድ የተገለበጠ መስሎኝ ሦስት ዓመት ሙሉ ስጨነቅ፣ ለካ ሕይወቱን እሱ ራሱ ይዞት ይሄድ ነበር። ለራሴ ከሚገባኝ በላይ ትልቅ ቦታ ሰጥቼ ነበር።

ቅዳሜ ማታ ጫማዬን አውልቄ ተቀምጬ ያሰብኩት ግን ሌላ ነው። የተሳሳትኩት ነገር ማንንም ስላልጎዳ ትክክል አይሆንም። ኡቻን ከመራጩ ጋር ሄዶ ቢሆን ስታዲየም ሙሉ ሕዝብ ያጨበጭብለት ነበር ወይስ በመጀመሪያው ዓመት ተጎድቶ ይመለስ ነበር፣ አላውቅም፤ ማንም አያውቅም። የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ያን ቀን አባቴን ፈርቼ ያላየሁትን አየሁ ብያለሁ፤ ድንጋይ የተወረወረውም በዚህ ምክንያት ነው። መምህርነት ሠላሳ ምናምን ዓመት ሠርቼ፣ ስንት ተማሪ ፊቴ ቆሞ፣ «እሱ ነው የመታኝ» ብሎኛል። ለሁሉም፣ ተማሪዎቼ እስኪሰለቹኝ ድረስ፣ መጀመሪያ የምመልሰው ያው ነበር፤ «እኔ አላየሁም። ሁለታችሁም ተቀመጡና ንገሩኝ።»