የዑሙልኸይር ገራ

ዑሙልኸይር ቁጭ ብላ ሻይ ጨርሳ አታውቅም። እሑድ እሑድ ሰንበቴ ገበያ ወርዳ ከአፋር ሰዎች ፍየል ትገዛለች፤ ሳምንቱን ከሚሴ ላይ ትሸጣለች። ብርጭቆዋን ይዛ እየተንጎራደደች ከሁለት ሰው ጋር ትከራከራለች፤ በአማርኛ የጀመረችውን በኦሮምኛ ትጨርሳለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ንግዱ የእሷና የታናሽ ወንድሟ የሪድዋን ነው። እኔ ጎረቤቷ፣ ጡረታ የወጣሁ የሳይንስ መምህር ነኝና ድምፅዋን ከአጥሩ ወዲያ ስሰማ ኖሬያለሁ።

ዘንድሮ ያ ድምፅ መቆራረጥ ጀመረ። ትንሿን ዳገት ስትወጣ መሃል ላይ ትቆማለች። "ምነው?" ስላት፣ "ሆዴ አልረጋ አለኝ፣ ጋሽ ምንዳዬ" ትለኛለች።

ለሐኪም የተናገረችውም ይህንኑ ነው። ሆዴ አልረጋም ላለ ሰው የሚሰጠው የታወቀ ነውና የጨጓራ መድኃኒት ሰጧት፤ ቃሪያም ከለከሏት። መድኃኒቱን ዋጠች፣ ቃሪያውንም ተወች። ለውጥ የለም። እግሯ ማበጥ ሲጀምር ሪድዋን፣ "እንግዲህ ጨጓራሽ እግርሽ ድረስ ወረደ" ብሎ ቀለደባት። ሳቀች፤ ሳቁ ግን ትንፋሽዋን ይዞባት ሄደ።

ኋላ ሰገነት የምትባል አዲስ ነርስ አየቻት። አብሬያት ነበርሁ።

"እናቴ፣ የቱ ጋ ነው ሆድዎ የማይረጋው? እስቲ እጅዎን ያድርጉበት።"

ዑሙልኸይር እጇን ከግራ ጡቷ ሥር አሳረፈች።

"ይሄማ ልብ ነው።"

"ልብማ ማሰቢያ ነው፣ ልጄ። ልቤ ደህና ነው፤ የማንንም ፍየል ከማንም አልቀላቀልሁም። እኛ ገራ የምንለው ይሄን ነው፤ የሚፈራውን፣ የሚራራውን፣ የሚሮጠውን።"

ገራ በኦሮምኛ ሆድ ነው። ቃሉን ወደ አማርኛ ስትመልሰው አልተሳሳተችም፤ ሕመሙ ግን መንገድ ላይ ቀረ። ሰገነት ማዳመጫውን ደረቷ ላይ አድርጋ ረጅም ጊዜ ቆየች። ከዚያ ሰኞ ጠዋት ደሴ ሄዳ ልቧን በአልትራሳውንድ እንድትታይ ጻፈችላት።

ሰኞ ጠዋት ደሴ ለመገኘት እሑድ መነሣት ያስፈልጋል፤ እሑድ ደግሞ ሰንበቴ ነው። "በሚቀጥለው ሳምንት፣ ኢንሻአላህ" አለች። ሪድዋን ቢለምናት ጮኸችበት፤ ሳትጨርስ አጥሩን ደግፋ ቆመች።

በዚያው ቀን ለሰደቃ ፍየል አርደው ነበርና ልቡን አምጡልኝ አልሁ።

"የእስላም ሥጋ ነው፣ እንዳይቀምሱት" አለችኝ።

"ልከፍተው ነው እንጂ ልበላው አይደለም።"

በእኛ ዘመን መጽሐፍ ልብ በሁለት ቀለም ይሣል ነበር፤ ቀኙ ሰማያዊ፣ ግራው ቀይ። ከልብ የሚወጣው ቧንቧ ደም ቅዳ፣ ወደ ልብ የሚገባው ደም መልስ። ስማቸው ሥራቸውን ይናገራል፤ ዛሬም ስጠራቸው ደስ ይለኛል። ልቡን በቢላ ከፍቼ አራቱን ክፍሎች አሳየኋት። የደከመው ደም በቀኝ ገብቶ ወደ ሳንባ ይሄዳል፤ አየር ይዞ በግራ ይመለሳል። ከግራው ላይኛ ክፍል ወደ ታችኛው ይወርዳል፤ ታችኛው ጨምቆ ለመላው አካል ይረጨዋል።

"ይቺ ስስ ነገርስ?" አለች፣ መሃል ያለችውን ነጭ ሽፋን በጣቷ ነክታ።

"በር ናት። ደሙ ሲወርድ ትከፈታለች፤ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ትዘጋለች።"

"አልከፈት ካለችስ?"

"ደሙ ከኋላዋ ይጠራቀማል፤ ሳንባ ይጨነቃል፣ ትንፋሽ ያጥራል።"

"የጋጣው በር ሲጠብ ፍየሎቹ እንደሚረጋገጡት።" ይህን ያለችው ለእኛ አልነበረም።

ሪድዋን አጋጣሚውን አላሳለፈውም። "ሰንበቴን ለእኔ ተይው።"

"ለአንተ? አሮጊት ፍየል በጥርሷ አትለይ። ሰዉ ይስቅብሃል።"

"ይሳቅ። አሮጊቷን ይዤልሽ እመጣለሁ።"

እሑድ መናኸሪያው በር ላይ ረዳቱ ገና ከሩቅ አይቷት፣ "ሰንበቴ! እትዬ ዑሙልኸይር፣ ቦታ ይዤልሻለሁ" አለ። እግሯ ወደዚያ ጀምሮ ነበር። ቆመች፤ ተመልሳም ከእኔ ጋር የደሴው መኪና ውስጥ ገባች። መንገዱን ሁሉ ግን አላረፈችም፤ ስልኩ ላይ ሪድዋንን "ነጯን ተዋት፣ ታነክሳለች" ስትል ደሴ ደረስን።

ሰኞ ሐኪሙ ስክሪኑን ወደ እሷ አዞረላት። በሯ ታየች፤ በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ሰበብ ተሸብሽባ ግማሽ ብቻ የምትከፈት። ልቧ ይጋልባል።

"ምን ያስቸኩለዋል?" አለች።

"መቸኮሉ ነው የሚጎዳው። ልብ የሚሞላው በሁለት ምት መሃል ሲያርፍ ነው። የእርስዎ በር ጠባብ ስለሆነ ከሌላው ሰው ልብ የበለጠ ዕረፍት ይፈልጋል። የሚያዘገየው መድኃኒት እንሰጥዎታለን፤ እዚህ ተኝተው ይቆያሉ። በሩን ስለ ማስፋት ከዚያ እንነጋገራለን።"

"ሲያርፍ ነው የሚሞላው?" ደግማ ጠየቀችው። አዎ አላት። ስለ ሐሙሱ ጭነት፣ ስለ መኖው አንዳንድ ነገር ጀምራ ተወችው።

አልጋው ላይ እንደተጋደመች ስልኳ ጮኸ፤ ሪድዋን ነው። እጇ ወደ ስልኩ ተዘረጋ፣ ከዚያም ለእኔ አቀበለችኝ።

"እርስዎ ያናግሩት፣ ጋሽ ምንዳዬ። እየሞላች ነው በሉት።"