ለዘማች ልጅ የተቀመጠ ራጅ

መሣሪያ ጠግኜ እንደዚያ ቀን የከፋኝ ጊዜ የለም። በደርግ ዘመን የራጅ መሣሪያ ጠጋኝ ነበርኩ። አሰበ ተፈሪ ላይ ለወራት ቆሞ የከረመ ራጅ አስነስቼ እንደጨረስኩ፣ ከመሰላ የመጡ አንድ አዛውንት የመጀመሪያው ታካሚ ሆኑ። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መስኮቱ አንስቶ አየው። ሳንባቸው ላይ ቡጢ የሚያክል እብጠት ነበር። ያኔ ካንሰርን በጨረር የሚያክም መሣሪያ አገራችን ውስጥ አልነበረም።

ሐኪሙ እንደምንም ነገራቸው። እሳቸው ግን አልደነገጡም።

"ፊልሙን ስጡኝ" አሉ።

መድኃኒት መስሏቸው ነው ብዬ፣ "አባባ፣ እሱ እኮ አያድንም" አልኳቸው።

"እሱንስ አውቃለሁ። ልጄ ዘምቷል። እኔ ደግሞ ከጎረቤቴ ጋር በጫት ማሳችን ውሃ ተጣልቼ ነበር። አሁን አገሩ ሁሉ 'እሱ ነው የመረዛቸው' ይላል። ልጄ ሲመለስ ይህን ከሰማ ሰውየውን ይገድለዋል፣ ወላሂ። ፊልሙን ያሳዩት፤ የገደለኝን ይወቅ።"

ፊልሙን በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ ደግፌ አስወጣኋቸው። ውጭ የሚጠብቃቸው ጎልማሳ ክንዳቸውን ከእኔ ተረክቦ፣ ጥቅሉን ብብቱ ስር ያዘ።

"እንዳይታጠፍ አደራ" አልኩት። "ዘመዳቸው ነህ?"

"አይደለሁም" አለኝ። "ጎረቤታቸው ነኝ።"