የጉሜና የገደሌ ስድብ

ይግዛው በሞጣ ጤና ጣቢያ ቁስል የሚያጥብ ድሬሰር ነበር። እጁ ቀላል ነው ይሉታል፤ ምሥጢሩ ግን ከእጁ ይልቅ አፉ ላይ ነበር። የደረቀ ፋሻ ከቁስል ላይ ሲላቀቅ ምን ያህል እንደሚያም የደረሰበት ያውቀዋል። ይግዛው ለዚህ ሥቃይ መድኃኒት ቢያጣለት ሁለት ሕዝብ ፈጠረለት።

ጉሜዎች ከደመና በላይ ይኖራሉ። ገደሌዎች ከገደል ሥር። ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ አይዋደዱም፤ በምን እንደተጣሉ ግን ይግዛው ራሱ አያውቅም። በሽተኛው አንዱን ወገን ይመርጣል፣ ይግዛው ሌላውን ይይዛል፣ ከዚያ መሰዳደብ ነው። በሽተኛው ስድብ ሲፈልግ ፋሻው ይነሳል።

"ገደሌ ፀሐይ ባየ ቁጥር እንግዳ መጣ ብሎ የእግር ውሃ ያቀርባል" ይላል ይግዛው።

"ጉሜ ደግሞ ሲጠግብ ይተናል!" ይላሉ ክንዳቸው በእሳት የተቃጠለባቸው ጠላ ሻጭ ወይዘሮ በዛብሽ። ይህን ብለው ሳይጨርሱ ፋሻው ሳህን ውስጥ ነው።

በ1959 ዓ.ም. መስከረም ሲጋመስ አንድ ሽማግሌ ከብቸና በቃሬዛ መጡ። ይግዛው ፊታቸውን ሲያይ መቆንጠጫው ከእጁ ወደቀ። የቅኔ መምህሩ የኔታ አካለ ወልድ ነበሩ።

ነገሩ የአሥራ አምስት ዓመት ነገር ነው። ይግዛው ከብቸና ወጣ ብሎ በሚገኘው በየኔታ ጉባኤ ቅኔ ሲማር፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ጓደኞቹ እያለፉት ሄዱ። አንድ ቀን ግን ምን እንደነካው እንጃ፣ ጉድ የሚያሰኝ ቅኔ ይዞ መጥቶ በጉባኤው ፊት ተቀኘ። ተማሪው አፉን ያዘ። የኔታ ግን ፊታቸው ጠቆረ።

"ከማን ሰረቅኸው?" አሉት።

ቅኔ ቤት ውስጥ የሰውን ቅኔ የራስ አድርጎ ከመቀኘት የከፋ ነውር የለም። የራስን ሠርቶ ሌባ መባል ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ይግዛው ማለ፣ ተገዘተ፤ አላመኑትም። የዚያኑ ዕለት አኩፋዳውን አንጠልጥሎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቅኔ አልሞከረም። ሚስቱ ሀብትነሽ እንኳ ቅኔ ቤት መግባቱን እንጂ እንዴት እንደወጣ አታውቅም።

አሁን የኔታ ግራ ቅልጥማቸው ቆስሎ ሸቷል። ሐኪሙ "በየቀኑ በደንብ ካልታጠበ እግሩ ይቆረጣል" ብሏል። የኔታ ጺም ያበቀለውን፣ ነጭ ካፖርት የለበሰውን ሰው አላወቁትም። ሰው ሁሉ "ድሬሰር" ስለሚለው ስሙንም አልሰሙም። ይግዛው ደግሞ በፊታቸው አፉ ተሳሰረ። ሌላውን ሁሉ እያሳቀ ያክማል፣ የኔታን ግን ዝም ብሎ ነበር የሚያጥብ። እሳቸውም በሰው ፊት ማቃሰት ነውር ነው ብለው ያደጉ ናቸውና ጥርሳቸውን ነክሰው ላብ በላብ ይሆናሉ። በሦስተኛው ቀን እግራቸውን በጋቢ ጠቅልለው፣ "ከእንግዲህ አትንካኝ፤ በክብሬ ልሙት" አሉ።

ይግዛው ጥጡንና ሳህኑን ይዞ ወደሚቀጥለው አልጋ፣ ወደ ወይዘሮ በዛብሽ ዞረ። እሳቸውም ያን ቀን ስድብ አልቆባቸው፣ "ጉሜ... ጉሜ አመዳም ነው!" አሉ።

ጋቢው ተንቀሳቀሰ።

"እሜቴ፣ ይህም ስድብ ሆኖ ነው?" አሉ የኔታ። "አመዳም የሚባለው ምድጃ ዳር የሚውል ሰው ነው። ደመና ላይ ለሚኖር አይስማማውም። 'ጉሜ ጥላው ጠፍቶበት በየገበያው ያስለፍፋል' ይበሉት።"

ወይዘሮ በዛብሽ በሳቅ ፈነዱ። ይግዛው ወንበሩን ወደ የኔታ አልጋ አስጠጋ።

"ገደሌ ሆኑ ማለት ነው፣ የኔታ" አለና ጋቢውን ቀስ አድርጎ ገለጠ። "እንግዲህ ይስሙ። ገደሌ ሰማይን በወሬ እንጂ በዓይኑ አያውቀውም።"

"ጉሜ ቤቱን ለቅቆ አይሄድም፤ ቤቱ ነው ለቅቆት የሚሄድ!"

"ገደሌ ለገደል ማሚቶ ሰላምታ ሲመልስ ይመሽበታል።"

የኔታ መልስ ሲፈልጉ ቁስሉ ታጥቦ አለቀ። እንዲህ እየተሰዳደቡ ሦስት ሳምንት ገፉ። ሽታው ጠፋ፣ ሥጋው ቀላ። ይግዛው ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራው ሲሄድ መሮጥ ይቃጣው ነበር።

አንድ ጠዋት የኔታ በስድቡ መካከል ድንገት ቆሙ።

"ይህን ሁሉ ከማን ሰማኸው?"

ይግዛው ጥጡን ሳህኑ ላይ አስቀመጠ። "ከማንም፣ የኔታ። አሁን ነው የመጣልኝ።"

"የትናንቱስ?"

"እሱም ትናንት።"

ትክ ብለው አዩት። "አገርህ ወዴት ነው?"

"ብቸና።"

"ስምህስ?"

"ይግዛው።"

የኔታ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ያን ዕለት ስድብ አልመለሱም። ለመጀመሪያ ጊዜም ሲያቃስቱ ተሰሙ፤ ቁስሉ ግን ያን ያህል የሚያም አልነበረም።

በጥቅምት መጨረሻ እግራቸው ዳነ። በቅሎ መጣችላቸውና በሽተኛው ሁሉ ሊሸኛቸው ወደ ግቢው ወጣ። የኔታ ግን በዘንጋቸው ተደግፈው በሩ ላይ ቆሙ።

"ጉሜንና ገደሌን ሳላስታርቅ አልሄድም" አሉ።

"ኧረ የኔታ! እነሱ ከታረቁ ወይዘሮ በዛብሽን በምን አክማቸዋለሁ?"

የኔታ ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው ቆመ።

"እንግዲያስ እኛ እንታረቅ።"

ጎንበስ ብለው በሩን የያዘውን ድንጋይ አነሱና ትከሻቸው ላይ አደረጉት። የበደለ ሰው ይቅር እስኪባል ድንጋይ ተሸክሞ መቆሙ የአገሩ ወግ ነው። መምህር ለተማሪው ሲሸከም ግን እዚያ ግቢ ውስጥ ያየ ሰው አልነበረም።

"ቅኔው የራስህ ነበር" አሉ። "በሰው ፊት ሌባ ብዬሃለሁ፤ በሰው ፊት ማረኝ፣ ልጄ።"

ይግዛው ዘልሎ ድንጋዩን ከትከሻቸው ወሰደ። ወዴት እንደሚያስቀምጠው ግን ጠፋው፤ እንዳቀፈው ቆሞ አለቀሰ።