ለሚስ ኔሊ ያልነገርኩት መርዶ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ለንስሐ አባቴም ጭምር። ለእሳቸው ትንንሾቹን ኃጢአቶቼን እየመረጥኩ ሳቀርብላቸው ኖርኩ። አሁን ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው። ጥርሴ ሰው ሠራሽ፣ ጉልበቴ ሐኪም የገጠመው ብረት ነው፤ ይህ ጥፋት ግን የራሴ ነው።

ከሠላሳ ምናምን ዓመት በፊት አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ በረዳትነት እሠራ ነበር። ከማለብሳቸው አንዷ ሚስ ኔሊ ናቸው፤ በወጣትነታቸው የድምፅ አልባ ፊልም ተዋናይ ነበሩ። በአሥራ ሰባት ዓመታቸው ጀምረው አሥራ አንድ ፊልም ሠሩ። ፊልም መናገር ሲጀምር ድምፅሽ ይሻክራል ተብለው ተሰናበቱ፤ ከዚያማ እዚያው አቅራቢያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ አንድ ጫማ መደብር ገብተው ሠላሳ ዓመት የሰው እግር ሲለኩ ኖሩ። በዚህ ሁሉ ያልተለየቻቸው ታናሽ እህታቸው ናት። ፊልሞቹ ሲታዩ አዳራሹ ውስጥ ፒያኖ የምትመታው እሷ ነበረች። እሑድ እሑድ ልትጠይቃቸው ስትመጣ፣ ሚስ ኔሊ ከንፈራቸውን ተቀብተው ይጠብቋታል። ሌላ ጠያቂ አልነበራቸውም።

አንድ ሰኞ ስልኩን እኔ አነሳሁ። የእህትየው ልጅ ነው። እናቱ ሞታለች፤ ቀብሩ ረቡዕ ነው።

«ለአክስቴ ዛሬውኑ ንገርልኝ። መምጣት ከቻለች ኮል አድርግልኝ፣ መኪና እልካለሁ። ካልደወልክ አልቻለችም ማለት ነው» አለኝ። እሺ አልኩ። እሺ ያልኩት እኔ ነኝ።

አብራኝ ለምትሠራው ለጽጌ ነገርኳት።

«ታዲያ አይነግሯቸውም፣ ጋሼ?»

«መርዶ በጠራራ ፀሐይ፣ ብቻውን ለተቀመጠ ሰው ይነገራል እንዴ? በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ ነው እንጂ!»

«ማን ሊሰበሰብላቸው? እርስዎና እኔ ሰው አይደለንም?»

«ነገ» አልኳት።

ማክሰኞ ጽጌ ኦፍ ነበረች፤ ሰው ጎደለ አልኩ። ረቡዕ ማለዳ በራቸው ድረስ አብረን ሄድን። ቁርስ እየበሉ ነበር። «ይጨርሱ፣ እኔው እነግራቸዋለሁ» ብዬ ጽጌን መለስኳት። ቁርስ! የእህትን ቀብር ለአንድ እንቁላል ያስቀረሁ ሰው እኔ ነኝ። ወግ ነው የያዘኝ? ወግማ ሰበብ ሆነልኝ እንጂ፣ ሲያለቅሱ ማየት ፈርቼ ነው። አልነገርኩም። አልደወልኩም። የአርባ ዓመት ጎረምሳ፣ ሪዛም ፈሪ!

እሑድ ከንፈራቸውን ተቀብተው ተቀመጡ።

«ምነው ቀረች?»

«ጉንፋን ይዟታል።»

በሚቀጥለው እሑድ ጉንፋኑን አባስኩት። በሦስተኛው «እየተሻላት ነው» ብዬ ሳልጨርስ እጃቸውን አነሱ። ፊቴን ቀስ ብለው መረመሩት።

«እኔ እንጀራዬ ፊት ነበር። ካንተ የተሻሉ ተዋናዮች ዋሽተውኛል። ቀብሯ መቼ ነው?»

«አልፏል።»

አልጮሁም፤ አላለቀሱም። «ወንበሬን ወደ መስኮቱ አዙርልኝ» አሉ። አዞርኩላቸው።

ከዚያ በኋላ ሰባት ወር ኖሩ፤ የማለብሳቸውም እኔው ነበርኩ። እጃቸውን ለእጅጌው፣ እግራቸውን ለጫማው ይሰጡኛል። ፊታቸውን ግን፣ ያለ አንዲት ቃል አዳራሽ ሙሉ ሰው ያስለቅስ የነበረውን ያን ፊት፣ አንድ ቀን እንኳ ወደ እኔ አላዞሩትም።

ይቅር በለኝ ልልህ ነበር አመጣጤ፣ አንባቢዬ። ተውኩት። አንተን ምን በድዬህ? ሰባት ወር ሙሉ አጠገባቸው ቆሜ እሳቸውን አልጠየቅኳቸውም።